ሩዝ፣ እንሰትና ተራ፦ የጥንቷ ቻይና የስልት ጨዋታ ደንቦች በወላይታ ታሪክ ሲመዘኑ

እ.ኤ.አ. በ1985 ኮኤይ የተባለ የጃፓን ኩባንያ «ሳንጎኩሺ» የተሰኘ የኮምፒዩተር ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። መቼቱ የሃን ሥርወ መንግሥት ሲዳከምና ሲፈርስ፣ ዌይ፣ ሹና ዉ የተባሉት ሦስት መንግሥታት ለቻይና የበላይነት የተፋለሙበት ዘመን ነው። ታሪኩንም የወሰደው ሉኦ ጓንዦንግ እንደ ደረሰው ከሚነገርለት፣ ዘመኑም 14ኛው ክፍለ ዘመን ከሚባለው ታላቅ ልቦለድ ነው። ጨዋታው በተከታታይ ክፍሎች እየታደሰ ቀጥሎ 14ኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። ተጫዋቹ የአንድ መስፍን ወይም የጦር አበጋዝ ቦታ ይዞ፣ ከተቀናቃኞቹ ጋር ተራ በተራ እየወሰነ፣ ግዛቱን ያለማል፤ ጦር ይመለምላል፤ ይደራደራል፤ ይዋጋል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ብዙውን ጊዜ እንደ መዝናኛ ብቻ ይታያል። ይሁን እንጂ በመስኩ የሚያጠኑ ምሁራን ሌላ ገጽታውን አሳይተዋል። ኢያን ቦጎስት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ጨዋታ ሐሳቡን የሚያስተላልፈው በቃልና በሥዕል ብቻ ሳይሆን በደንቡም ጭምር ነው። ደንቡ «ይህ ከተደረገ ያ ይከተላል» ሲል ዓለም እንዴት እንደምትሠራ አንድ አቋም ይዟል። ታሪካዊ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ አቋሙ የታሪክ አቋም ነው፤ መንግሥት በምን ይቆማል፣ ጦር በምን ይመገባል፣ አሸናፊው ለምን ያሸንፋል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። የመጽሐፍ ደራሲ መልሱን ለአንባቢ ፍርድ ያቀርባል፤ የጨዋታ ተጫዋች ግን ለማሸነፍ ሲል መልሱን ተቀብሎ ይሠራበታል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በዚሁ የጨዋታ ዘርፍ እጅግ ከታወቁት አንዱ የሆነው «ሲቪላይዜሽን» እ.ኤ.አ. በ2012 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክን የኢትዮጵያ መሪ አድርጎ አቅርቧል። የምኒልክ መንግሥት ወደ ደቡብ በተስፋፋበት ዘመን ከተካሄዱት ዘመቻዎች እጅግ ደም ካፋሰሱት አንዱ ደግሞ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ የተካሄደው ነው። ይህ ጽሑፍ የጥንቷን ቻይና የስልት ጨዋታ መሠረታዊ ደንቦች ይተነትናል፤ ከዚያም በወላይታ ታሪክ ይመዝናቸዋል። ዋና ነጥቡም ይህ ነው፦ ደንቦቹ በእህል ለቆመ መንግሥት፣ ለእኩል ተቀናቃኞችና ለአሸናፊው የተሠሩ ናቸው። በወላይታ ላይ ሲሠሩ የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች የታሪክ ምርምር ሊያተኩርባቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች ያመለክታሉ።

ጨዋታው ምን ይቆጥራል?

በመጀመሪያው «ሳንጎኩሺ» አንድ ተራ አንድ ወር ነው። ካርታው በክፍለ ሀገራት የተከፈለ ሲሆን፣ ገዢው በየወሩ ለእያንዳንዱ ክፍለ ሀገር አንድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ መሬት ያለማል፣ የጎርፍ መከላከያ ይሠራል፣ ለሕዝቡ እህል ያድላል፣ ወታደር ያሠለጥናል ወይም ይዘምታል። ሁሉም ነገር ቁጥር አለው። ወርቅ፣ ሩዝ፣ የወታደር ብዛት፣ የሕዝቡ ታማኝነት በአኃዝ ይታያሉ። የጦር መሪዎችና አማካሪዎች እንኳ በጀግንነት፣ በብልኅነትና በሰው ወዳድነት እስከ መቶ በሚደርስ ነጥብ ይለካሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች መካከል ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ሩዙ ነው። ምርት በዓመቱ የተወሰነ ጊዜ ወደ ጎተራ ይገባል፤ ጦሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር የሚዘምት ሠራዊት ስንቁን ይዞ መሄድ አለበት። ስንቁ ካለቀ በጦር ሜዳ የቱንም ያህል ቢበረታ ይሸነፋል። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች መጀመሪያ የሚማረው የጦር አሰላለፍ ሳይሆን የጎተራ ሒሳብ ነው። ከመኸር በፊት መዝመት ጎተራን ባዶ ያደርጋል፤ ከመኸር በኋላ መዝመት ያዋጣል። የጠላትን እህል ማቃጠልም ወታደሩን ከመግደል የበለጠ ይጠቅማል።

በዚህ ረገድ ደንቡ ከታሪኩ ብዙ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ200 በጉዋንዱ ጦርነት ጻኦ ጻኦ በሠራዊት ብዛት ይበልጠው የነበረውን ዩዋን ሻኦን ያሸነፈው ዉቻኦ በተባለ ቦታ የነበረውን የእህል ክምችት በማቃጠል ነው። የሹ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዡጌ ሊያንግም እ.ኤ.አ. ከ228 እስከ 234 ወደ ሰሜን ደጋግሞ ሲዘምት ትልቁ ጠላቱ በተራራማ መንገድ ስንቅ ማድረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ231 የተመለሰው በጦር ተሸንፎ ሳይሆን እህል ስላለቀበት ነው።

ጻኦ ጻኦ ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ በቻይና ታሪክ «ቱንትየን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ196 በሹ ከተማ ዙሪያ ጦርነት ባለቤት አልባ ያደረገውን መሬት ለሰፋሪዎች አከፋፈለ። የራሱ በሬ ያለው ሰፋሪ የምርቱን ግማሽ፣ በመንግሥት በሬ የሚያርሰው ደግሞ ስድሳ በመቶ ያስገባ ነበር። በሌላ አነጋገር ጦሩ የሚበላው በተቆጠረ መሬት ላይ በተቆጠረ ሰው የተመረተ እህል ነበር። የጨዋታው ደንብ ይህንኑ የመንግሥት ዓይን ወርሷል፤ የሚታየው የሚቆጠረው ነው፤ የሚቆጠረውም የሚሰፈረው ነው።

እህልና መንግሥት፣ እንሰትና መንግሥት

ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያዎቹ መንግሥታት በእህል ላይ የተመሠረቱት በአጋጣሚ እንዳልሆነ ተከራክሯል። ስንዴ፣ ገብስና ሩዝ ከመሬት በላይ ይታያሉ፤ በአንድ ወቅት ይደርሳሉ፤ ይሰፈራሉ፤ ይከማቻሉ፤ ይጓጓዛሉ። ግብር ሰብሳቢው መቼ መምጣት እንዳለበት፣ ምን ያህል መጠየቅ እንደሚችል ያውቃል። ከመሬት በታች የሚቆዩና በተፈለጉ ጊዜ የሚቆፈሩ ሥራ ሥሮች ግን ለግብር ሰብሳቢ ምቹ አይደሉም። «ሳንጎኩሺ» ይህን ክርክር በቃል ባይናገረውም በደንቡ ይጫወተዋል።

ወላይታ ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚገጥመው በእንሰት በኩል ነው። እንሰት በወላይታና በአጎራባች የደቡብ ሕዝቦች ዘንድ የቤተሰብ ኑሮ ምሰሶ ሆኖ የኖረ ተክል ነው። ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ አካባቢው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሆኖም የመኸር ወር የለውም። ቤተሰቡ ሲቸግረው ያልደረሰውንም ሊቆርጥ ይችላል፤ ሲመቸው ደግሞ እንዲቆይ ይተወዋል። የተፋቀው እንሰት በጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት ይብላላል፤ ከዚያም ቆጮ ይሆናል። ቡላውና አምቾውም የየራሳቸው አዘገጃጀት አላቸው። መፋቁም፣ መጭመቁም፣ መቅበሩም በአብዛኛው የሴቶች ሥራና የሴቶች ዕውቀት ነው።

እንሰቱ የሚተከልበት መሬትም በጨዋታ ካርታ ላይ እንደሚታየው አንድ ወጥ ቀለም አይደለም። የወላይታ ገበሬ ከቤቱ አጠገብ ያለውን፣ በከብት ፍግ የዳበረውን ጓሮ «ዳርኮዋ»፣ ከዚያ ራቅ ብሎ እህል የሚዘራበትን ማሳ ደግሞ «ሾቃ» ብሎ ይለያል። የእንሰቱ ጓሮ የሚቆመው በፍጉ ነው፤ ፍጉ የሚገኘው ከከብቱ ነው፤ ከብቱ ደግሞ ግጦሽ ይፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ሀብት የሚለካው በጎተራው ብቻ አይደለም። በጓሮው የቆሙት የተለያየ ዕድሜ ያላቸው እንሰቶች፣ በጉድጓዱ የሚብላላው ምግብ፣ በበረቱ ያለው ከብትና ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ሴቶች ጉልበት በአንድነት መታየት አለባቸው።

ይህን ወደ ጨዋታው ደንብ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ወዲያው ይቸገራል። እንሰት በተወሰነ ወር ወደ ጎተራ አይገባም። የአሁኑ ዓመት ሀብት ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት በተሰጠ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወራሪ ጦር የተከመረ ጤፍ ቢያገኝ በዕለቱ ይበላዋል፤ የቆመ እንሰት ግን ወዲያው የሚበላ ስንቅ አይደለም፤ ባለሙያ እጅና የመብላላት ጊዜ ይጠይቃል። ለሠራዊት ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ምግብ ከብት ነው፤ በራሱ እግር ይሄዳልና። በ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ከወላይታ ብዙ ከብት መነዳቱ ከዚህ አንጻር ሲታይ የዘረፋ ታሪክ ብቻ አይደለም። የእንሰት አገር ሀብት በየትኛው በር ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል። ከብቱ ሲነዳ ደግሞ ፍጉም አብሮ ይሄዳል፤ ጉዳቱም ከዘመቻው ወቅት አልፎ በዳርኮዋው ላይ ለዓመታት የሚቆይ ይሆናል። በአንድ ወር ተራ የሚቆጥር ጨዋታ ይህን ዕዳ የሚመዘግብበት ዓምድ የለውም።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ «እንሰት ባለበት መንግሥት የለም» ማለት ስሕተት ነው፤ ወላይታ ራሱ የዚህ ማስተባበያ ነውና። ወላይታ በካዎ፣ ማለትም በንጉሥ፣ የሚመራ የተማከለ መንግሥት ነበረው። ትውፊቱ አሩጂያ፣ ወላይታ ማላና ትግሬ የተባሉ ሦስት ሥርወ መንግሥታትን ይቆጥራል። የጎሳ አደረጃጀት፣ ለጀግና የሚሰጥ መሬትና ማዕረግ፣ ከብትና የጉልበት አገልግሎት የመንግሥቱ አውታሮች ነበሩ። በንጉሥ አማዶ ስም የሚጠራው ኬላ፣ በአጎራባች ዳውሮም የንጉሥ ሃላላ ካብ፣ የአካባቢው ነገሥታት ብዙ ጉልበት አሰባስበው ወሰናቸውን ያጠናክሩ እንደነበር የሚመሰክሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ስንቅ አይሠራም። እንሰት የሚበላ ሕዝብ ጉልበቱንና አገልግሎቱን ለመንግሥት ያዋጣበት መንገድ ከሩዝ ግብር የተለየ ነበር ማለት ነው። መንገዱ በዝርዝር ሲጠና የስኮትን ክርክር የሚያጠራ ማስረጃ ይሆናል።

ተራ የማን ነው?

የዚህ ዘርፍ ጨዋታዎች ስማቸውን ያገኙት ከተራ ነው። አንዱ ሲወስን ሌላው ይጠብቃል፤ ከዚያም ተራው ይገለበጣል። ይህ የጨዋታ ምቾት ነው፤ ግን እሱም አቋም አለው። ተቀናቃኞች የሚገናኙት በእኩል የመወሰን ዕድል ነው ይላል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ የራሷ የቆየ መልስ አላት። በነገሥታትና በመኳንንት ቤት ይጫወቱት በነበረው በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ የጨዋታው መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን እየተመለከቱ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፍላጎታቸውና እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ሰንጠረዡ ጦርነትን በሁለት ይከፍላል፦ ማንም ማንንም የማይጠብቅበት የክተት ጊዜና ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣው የምት ልውውጥ።

የ«ሳንጎኩሺ» አዘጋጆችም ወደዚህ የተጠጋ ሐሳብ ደርሰዋል። በ14ኛው ክፍል ተራ ማለት አሥር ቀን ነው፤ ሁሉም ወገኖች መጀመሪያ ዕቅዳቸውን ያወጣሉ፤ ከዚያም የሁሉም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል። ጠላት እንደታሰበው ባይገኝ የወጣው ዕቅድ በከንቱ ይቀራል።

የ1887 ዓ.ም. ታሪክ ከቼዝ ተራ ይልቅ ለወረራው ይቀርባል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ ረኀብ ሕዝቡን አመንምኖ ነበር። በሰሜን ከጣሊያን ጋር የነበረው ውዝግብ እየተካረረ ሄዷል። ዐፄ ምኒልክ ጦር የሚመግብ አገር ይፈልጉ ነበር፤ ቀደም ሲል በወላይታ ላይ የተላኩ ዘመቻዎችም ያሰቡትን አላስገኙም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ብዙ ሠራዊት አስከትለው፣ ክረምቱ አልፎ መንገድ በተከፈተበት በበጋው ወራት ዘመቱ። የጅማው አባ ጅፋርም ከዘማቾቹ ጋር ነበሩ። ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ጦሩን ተከትሎ ሄዶ ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ትረካውም የእልቂቱን ስፋት ከሚያሳዩት ምስክርነቶች አንዱ ነው። ካዎ ጦና በጽናት ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሁለቱ ወገኖች የመወሰን ዕድል እኩል አልነበረም። አንዱ ወገን ጊዜውን፣ መንገዱንና የሚያስከትለውን ኃይል መርጧል፤ የጦር መሣሪያ ገበያም ለእርሱ ክፍት ነበር። ሌላው ወገን የቀረው ምርጫ መገበር ወይም መዋጋት ነበር። ለሁለቱም በየወሩ አንድ አንድ ተራ የሚሰጥ ደንብ ይህን ልዩነት ከመነሻው ይሰርዘዋል።

የዳሞታ ኮረብታ የማን ነው?

የ«ሲቪላይዜሽን» ሁለት ደንቦች እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ክፍል የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ «የዓድዋ መንፈስ» ተብሏል። ኢትዮጵያ ከእርሷ ይልቅ ብዙ ከተሞች ካሉት ተቀናቃኝ ጋር ስትዋጋ የጦሯ ጥንካሬ በ20 በመቶ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ክፍል ደግሞ በምኒልክ የሚመራው ሠራዊት በኮረብታ ላይ ሲዋጋ ተጨማሪ ኃይል ያገኛል። የዚሁ ችሎታ ስያሜ በ1900 ዓ.ም. ከተሾሙት ሚኒስትሮች የተወሰደ ነው። የአገሪቱ ልዩ ጦር የኦሮሞ ፈረሰኛ፣ ልዩ ሕንጻዋም ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አዘጋጆቹ በእነዚህ ደንቦች ዓድዋን ለማክበር እንዳሰቡ ግልጽ ነው፤ አሳባቸውም ከንቱ አይደለም። አነስተኛ የተባለ ወገን አገሩን ሲከላከል ብርታት ያገኛል፤ ደጋውን የሚያውቅም በደጋው ይበልጣል። ነገር ግን ሁለቱም ደንቦች ከዓድዋ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ወደ ኋላ ተወስደው በወላይታ ቢመዘኑ ትርጉማቸው ይገለበጣል። በ1887 ዓ.ም. ጥቂት ከተማ የነበረው፣ በገዛ አገሩ የሚከላከለው የካዎ ጦና ወገን ነው። ኮረብታውም ዳሞታ ነው፤ ከግርጌው ዛሬ ወላይታ ሶዶ የተቆረቆረችበት፣ ወላይታዎች ከልጅነታቸው የሚያውቁት ተራራ። የ20 በመቶው ብልጫም ሆነ የኮረብታው ጥቅም በራሱ በጨዋታው አመክንዮ ለእነርሱ ይገባ ነበር።

ጨዋታው ግን ጥቅሙን የሰጠው ለሁኔታው ሳይሆን ለስሙ ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም እስካለ ድረስ ተከላካይነትና ደጋ ነዋሪነት አብረውት ይሄዳሉ፤ ሲዘምትም እንኳ። ወላይታ በካርታው ላይ የራሱ መሪ ያለው ወገን ሆኖ ስላልቀረበ ደግሞ ጥያቄውን የሚያነሣ ተጫዋች የለም። ቻይናን በሚመለከት «ሳንጎኩሺ» የተሻለ ነገር አለው። ተሸናፊዎቹም፣ ትንንሾቹ መሳፍንትም፣ በልቦለዱ በክፉ የሚነሡትም ሁሉ ተጫዋች ሊመርጣቸው የሚችል ወገኖች ናቸው። የአንድ አገር ታሪክ ከብዙ መቀመጫ ሊታይ እንደሚችል በደንቡ ያምናል።

ከድል በኋላ

አብዛኛው የሦስቱ መንግሥታት ጨዋታ የሚያበቃው ካርታው አንድ ቀለም ሲሆን ነው። በታሪኩም ቻይና እ.ኤ.አ. በ280 በጂን ሥርወ መንግሥት ሥር ተጠቃላለች። ለወላይታ ግን ረጅሙ ታሪክ የሚጀምረው ጨዋታው በሚያበቃበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ የጅማና የወላይታ ንጽጽር ብዙ ያስተምራል። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1882 ለምኒልክ ለመገበር ተስማሙ፤ ጅማም ግብሯን እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን እስከ 1932 ይዛ ቆየች። የተዋጋው ወላይታ ነገሥታቱን አጣ፤ በጦር ሹማምንት አስተዳደርም ሥር ወደቀ። መገበርና መዋጋት ያስከተሉት ልዩነት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሁለት ሕዝቦችን ኑሮ ለያየ። በብዙ የስልት ጨዋታዎች መገበር የሽንፈት ሌላ ስም ብቻ ነው፤ በዘመኑ ፖለቲካ ግን ራሱን የቻለ፣ ዋጋም ጥቅምም ያለው ስልት ነበር።

በወላይታ የተተከለው የገባር ሥርዓት ከቱንትየን ጋር ሲነጻጸር ዝምድናውም ልዩነቱም ይታያል። ሁለቱም የተፈጠሩት ደመወዝ የማይከፈለውን ጦር ለመመገብ ነው። ሁለቱም ሰውን ከመሬት ጋር አያይዘው ቆጥረዋል። ነገር ግን ጻኦ ጻኦ የሰጠው በአብዛኛው ባለቤቱ የሸሸውን መሬት ሲሆን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ለነፍጠኛው እንደ ማዕረጉ የተመደበለት በገዛ መሬቱ ላይ የሚኖር ገበሬ ነበር። ገባሩ ከምርቱ ያካፍላል፤ ያርሳል፤ ያጥራል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ቤተሰቡም እህል ይፈጫል፤ ውሃ ይቀዳል። እንሰቱን ለመስፈር ያስቸገረ ሥርዓት ጉልበቱን ሰፈረ ማለት ይቻላል። ግንኙነቱ ቅርጹን እየለወጠ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ዘልቋል። ወላይታ ሶዶም በዚህ ሂደት የጦርና የአስተዳደር ማዕከል ሆና አደገች፤ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት።

ለምርምር የሚተርፈው

ከላይ ከተነሡት መሰናክሎች በመነሣት ለወላይታ ታሪክ የሚስማማ ጨዋታ ምን ዓይነት ደንቦች ሊኖሩት እንደሚገባ መዘርዘር ይቻላል። እንዲህ ያለው ሥራ በወረቀትና በጠጠርም ሊሞከር ይችላል።

አንደኛ፣ ምግብ በሁለት መዝገብ መያዝ አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ የሚገባ እህል በአንድ በኩል፣ እንደ ዕድሜው የተደረደረ የቆመ እንሰት በሌላ በኩል። ሁለተኛው ወደ ምግብነት የሚለወጠው በሴቶች ጉልበትና በመብላላት ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ የከብት ቁጥር ሲቀንስም የጓሮው ምርት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ጨዋታው በወረራ ሊከፈት ይገባል። የመጀመሪያው ግጭት እስኪደርስ ሁሉም በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚንቀሳቀሱበት ፍጥነት ግን እንደ መሣሪያቸው፣ እንደ መረጃቸውና እንደ መንገዳቸው ይለያያል።

ሦስተኛ፣ የቦታ ጥቅም ከስም ጋር ሳይሆን ከቦታውና ቦታውን ከሚያውቀው ሕዝብ ጋር መያያዝ አለበት።

አራተኛ፣ መገበር የራሱ ውልና የራሱ ቀጣይ ታሪክ ያለው ውሳኔ መሆን አለበት። የተሸነፈውም ወገን ከጨዋታው አይወጣም፤ ግብርን፣ ጉልበትን፣ ስደትንና ድርድርን እያመዛዘነ መወሰኑን ይቀጥላል።

እያንዳንዱ ደንብ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩም ማስረጃ ይጠይቃል። አንድ አባወራ ስንት እንሰት ይተክል ነበር? አንድ በሬ የሌለው ቤት ዳርኮዋውን በምን ያዳብር ነበር? ለካዎው ይቀርብ የነበረው አገልግሎት በምን ይለካ ነበር? ከዘመቻው በኋላ የጓሮው እንሰት ለማገገም ስንት ዓመት ፈጀበት? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሊገኝ የሚችለው የጎሳ ትውፊት፣ የአረጋውያንና በተለይ የእንሰትን ሥራ የሚያውቁ ሴቶች ቃል፣ የተጓዦች ጽሑፍ፣ የመሬት መዛግብትና የአፈር ጥናት አንድ ላይ ሲነበቡ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ተቋማት ታሪክ፣ ግብርናና ኮምፒዩተር ሳይንስ በአንድ ግቢ ይገኛሉ፤ ሥራው ግን ሦስቱንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ይጠይቃል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የ1887 ዓ.ም. እልቂት ዘራቸው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው የሰዎች ሞት ነው። በነጥብ የሚያሸልም ውጊያ አድርጎ ማቅረብ ከማስተማር ይልቅ ማቅለል ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መልመጃ የሚመዘነው ማን አሸነፈ በሚለው ሳይሆን ተማሪው የትኛውን ደንብ በየትኛው ማስረጃ ለመከራከሪያ አቀረበ በሚለው ነው። «ሳንጎኩሺ» ለአንባቢው የሩዙን ሒሳብ በሚገባ አስተምሯል። የእንሰቱን ሒሳብ የሚያውቁት እናቶች ግን ገና አልተጠየቁም፤ የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ከእነርሱ ጓሮ ቢጀመር ተገቢ ይሆናል።